አጥንት ቆጣሪዎችና የቤተልሔም በር



በታች ጋይንት፣ በአርብ ገበያና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ያደገ ሰው፣ ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ለማጋባት ሲነጋገሩ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ የአባትን ወገን በአንድ ፊት፣ የእናትን ወገን በሌላ ፊት እያነሡ እስከ ሰባት ቤት ድረስ አጥንት የሚቆጥሩበትን ሥርዓት ሳያይ አያድግም። የቆጠራው ዋና ምክንያት የሥጋ ዘመዶች ሳያውቁ እንዳይጋቡ ለመጠበቅ ስለሆነ፣ ሥርዓቱ በራሱ የተመሰገነ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሕግም ጋር የተስማማ ነው፤ ዳሩ ግን ይኸው ቆጠራ ሌላ ሥራ ደርቦ ይዞ ኖሯል፤ በሰባቱ ቤት ውስጥ ባርያ፣ ወይም ሸክላ ሠሪ፣ ወይም ቀጥቃጭ፣ ወይም ቁርበት ፋቂ ተሰውሮ እንደሆነ ለማወቅና፣ ከተገኘም ነገሩን እዚያው ላይ ለማፍረስ። ስለ ዘር፣ ስለ ነገድና ስለ ክርስቲያናዊ ማንነት ቅዱሳት መጻሕፍት የሚሉትን ዛሬ ስነግራችሁ፣ ከሩቅ አገር ነገር ሳይሆን ከዚህ ከሽማግሌዎቹ ምንጣፍ መነሣት የወደድሁት፣ ነገሩን በልጅነቴ በዓይኔ ስላየሁት ነው።

የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ክርስትና ያነሣቻትን፣ የክርስትና ልጇን፣ አንድ የደኅና ሰው ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ፣ የቆጠራው ቀን ደርሶ ነበር። እኔ የጠላውን ገንቦ ይዤ ዋንጫ እየሞላሁ ቆሜ፣ የአባቷ ወገን በደኅና ተቆጥሮ አለቀ፤ በእናቷ በኩል ግን አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ አንድ አዛውንት ጉሮሮአቸውን ጠረጉና፣ ሴትዮዋ እንስራ ትሠራ እንደነበረ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ። ሌላ ነገር የተናገረ የለም። ሁሉም ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ፤ ጠላው በየዋንጫው እንዳለ ቀረ፤ ልጅቱም ከጓዳ በር ላይ ሆና የሚነሡትን ሰዎች ስታይ እኔ እርስዋን አየኋት። ያን ዕለት ያየሁት ፊት ነው እስከ ዛሬ ድረስ መጽሐፍ በገለጥሁ ቁጥር የሚጠይቀኝ።

ስለዚህች ስለማናውቃት ቅድመ አያት ጥቂት እናስብ። በየዓርቡ ከስማዳ ቆላና ከጋይንት ደጋ ሰው ወደ ገበያችን ሲመጣ፣ ገበሬው ማረሻና ማጭድ የሚገዛው ከቀጥቃጩ ነው፤ ሴቶች ምጣድና ጀበና የሚመርጡት ከሸክላ ሠሪዋ ፊት በርከክ ብለው ነው። የቤተ መቅደሱን መስቀልና ጽናጽል ያወጣው የአንጥረኛ እጅ ነው፤ ድጓውና ስንክሳሩ የተጻፈበትን ብራና ያለሰለሰው ቆዳ የሚፍቅ እጅ ነው። እንጀራችን በምጣዷ ላይ በስሎ ሲበላ ያልረከሰ አፋችን፣ ስለ ልጇ ሲነሣ ብቻ የሚረክስበት ምክንያት በየትኛው መጽሐፍ እንደተጻፈ ብዙ ፈልጌ አላገኘሁም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋትን የጥበብ መንደር አድርገው፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አስቀልጠው ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፣ ለመንገዱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በጊዜው የነበሩ ሰዎች መስክረዋል፤ ዐፄ ምኒልክም ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ነገሥታቱ በአዋጅ ሊሽሩት የሞከሩትን ነገር እኛ በምንጣፋችን ላይ ጠብቀን አቆየነው።

አሁን ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት እንለፍ። በኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ ሞዓባዊ እስከ ዐሥር ትውልድ ድረስ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ተጽፏል፤ እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ በዚያ ዐሥር ነበረ። በዚህ ሕግ ሥር በምትኖረው በይሁዳ ቤተልሔም ነው እንግዲህ ሞዓባዊቱ ሩት፣ ባሏ የሞተባት፣ አገሯንና አማልክቷን ትታ አማቷን ተከትላ የመጣችው፣ ከአጫጆች ኋላ ቃርሚያ ስትለቅም የተገኘችው። ቦዔዝ ሊያገባት በወደደ ጊዜ ወደ ከተማይቱ በር ወጥቶ ከሽማግሌዎች ዐሥር ሰዎችን አስቀመጠ፤ እነዚያም ሽማግሌዎች፣ ሞዓባዊት መሆንዋ በፊታቸው በግልጥ እየተነገረ፣ ነጠላቸውን አራግፈው አልተነሡም፤ ምስክሮች ነን ብለው፣ እንደ ራሔልና እንደ ልያ ያድርጋት ብለው መረቁ። ሩት ኢዮቤድን ወለደች፣ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይ ዳዊትን። ቆጠራው በጥብቅ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ንጉሥ ዳዊት ከሩት ጀምሮ አራተኛው ቤት ላይ ስለሚገኝ፣ ከጉባኤው ደጅ በቀረ ነበር፤ መዝሙሩንም የሚደግምልን ባልኖረ።

በጋይንት ምድር ቤተልሔም የምትባል ደብር እንዳለችን ታውቃላችሁ፤ የቅዱስ ያሬድ የድጓው ዜማ የሚመሰከርባት፣ ለስሟ የሚስማማ ክብር ያላት። ወደዚያች ደብር ከትግራይ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ የመጣው የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጃችን ሲቆም፣ አገሩን እንጂ አጥንቱን የጠየቀው ሰው አላየሁም፤ ጓደኞቹም ባገሩ ስም ይጠሩታል፣ ስሙም ለስድብ ሳይሆን ለመለያ ይሆነዋል። መምህሩ ፊት ሲቀመጥም የሚፈተነው ዜማውን መያዙን እንጂ ወገኑን አይደለም። በዚሁ በጋይንት ባለችው በዙር አምባ ደብርም ታቦቱ የአቡነ አረጋዊ ነው፤ አቡነ አረጋዊም ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ ሆነው ከሮም ግዛት ወደ አክሱም የመጡ እንግዳ ናቸው። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከጢሮስ የመጡ ሶርያዊ ነበሩ። ከማዶ የመጣውን ቅዱስ በታቦት አክብረን ያኖርን ሕዝብ፣ ከመንደራችን ማዶ ያለውን ወንድም ልናስቀምጠው የምንቸገረው ለምን እንደሆነ አባቶች ቢያስረዱን ደስ ይለኛል።

ስለ ቃላቱም ጥቂት ልናገር፤ ሰው በቃል ይስታልና። ዛሬ በየስብሰባውና በየመታወቂያው ብሔር የምንለው ቃል በግእዝ አገር፣ ምድር፣ ዓለም ማለት ነበረ። እግዚአብሔር የሚለው የጌታ ስም ራሱ ከእግዚእና ከብሔር የተሠራ ሲሆን፣ የዓለሙ ሁሉ ጌታ፣ የምድር ሁሉ ባለቤት ማለት ነው። ስሙን በጠራን ቁጥር አንድ ጐሣ ብቻ ሳይሆን ምድር ሁሉ የእርሱ እንደሆነች እንመሰክራለን። ኢትዮጵያ የሚለው ስምም ዕብራውያን ኩሽ ሲሉት፣ ግሪኮች ፊቱ የጠቆረ ሰው አገር ብለው የተረጐሙት፣ የግእዙ መጽሐፍም ከግሪኩ የተቀበለው ነው፤ በመጻሕፍት ከግብፅ ወደ ደቡብ ያለውን አገር በጠቅላላው ይሸፍናል። በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ ፊልጶስ ያጠመቀው የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል የመጣው በናይል አጠገብ ከነበረው ከሜሮዌ መንግሥት ነበር፤ የእኛ አባቶች የስሙ ወራሾች ሆነው በታሪኩ ደስ ቢላቸው ተገቢ ነው፣ ነገር ግን ደስታው ትዕቢት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ይህን የምለው በነቢዩ አሞጽ ምክንያት ነው። በ9ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የእስራኤልን ልጆች ከኢትዮጵያውያን ልጆች ጋር የሚያስተካክልበትን ቃል እኛ ብዙ ጊዜ ለውዳሴያችን እንጠቅሰዋለን፤ ነቢዩ ግን ቃሉን የተናገረው እኛን ሊያወድስ ሳይሆን፣ ምርጥ ዘር ነኝ ብሎ የሚመካውን ሕዝብ ሊያዋርድ ነበር። ፍልስጥኤማውያንንም ሶርያውያንንም ከየስፍራቸው ያወጣ እርሱ እንደሆነ ወዲያው ይጨምራል። ቃሉ የሚመታው የሚመካውን ሁሉ ነውና፣ እኛ ስንመካበት መልሶ እኛኑ ይመታናል።

በዘኍልቍ በ12ኛው ምዕራፍ ማርያምና አሮን ሙሴን ኢትዮጵያዊት ሴት ስላገባ አሙት። የእግዚአብሔር ቍጣ የወረደው በሙሴም በሚስቱም ላይ ሳይሆን በሐሜተኛዋ ላይ ነበር፤ ማርያም በለምጽ እንደ በረዶ ነጣች። ጥቁር መልክ ያስነወራት ሴት በራስዋ ቆዳ መንጣት ከሰፈር ውጭ ሰባት ቀን መቀመጧን የሚያነብ ሰው፣ ጸሐፊው ያለ አሳብ እንዳልጻፈው ይገባዋል። ሕዝቡም እርስዋ እስክትመለስ ድረስ አልተጓዘም። የኖኅ ርግማንም በዘፍጥረት 9ኛው ምዕራፍ የወደቀው በከነዓን ላይ እንጂ በኩሽ ላይ አይደለም፤ ሆኖም በኋለኛው ዘመን ባርያ ነጋዴዎችና የነጮችን የበላይነት የሚሰብኩ ሰዎች ይህን ክፍል አጣመው የጥቁርን ሕዝብ ሁሉ ርጉም አደረጉት፤ የደቡብ አፍሪካውን የዘር መድሎ በወንጌል ስም ማጽደቅ ኑፋቄ መሆኑን የዓለም የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በካናዳ በኦታዋ ከተማ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር።

የመናገሬ ልብ ግን በሐዋርያት ሥራ በ9ኛውና በ10ኛው ምዕራፎች መካከል፣ ብዙ ሰው ሳያስተውላት በምታልፍ በአንዲት ቃል ላይ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ከተማ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነበር። የሞተ እንስሳ የሚዳስስ ቁርበት ፋቂ በአይሁድ ዘንድ የማይጠጉት ሰው ነበር፤ ቤቱም በባሕር አጠገብ ከሰው ራቅ ያለ ነበር። ሐዋርያው በዚያ ቤት ሰገነት ላይ ሆኖ ሲጸልይ ነው ሰማይ ተከፍቶ፣ እንስሳት ሁሉ ያሉበት ጨርቅ ወርዶ፣ እግዚአብሔር ያነጻውን አታርክስ የተባለው፤ ከዚያም ወደ ሮማዊው የመቶ አለቃ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ሄዶ አሕዛብን ያጠመቀው። ራእዩ የወረደው የካህናት አለቃው ግቢ ላይ አይደለም። በእኛ አገር ፋቂ ብለን ከማኅበራችን የምናርቀው ሰው ሙያ፣ የአሕዛብ የወንጌል በር የተከፈተበት ቤት ባለቤት ሙያ ነው።

ይህን ሁሉ ስናውቅ ታሪካችንን ሳንሸፋፍን መናገር ግድ ይለናል። ፍትሐ ነገሥት ሰው በባሕርይ ነጻ መሆኑን ከተናገረ በኋላ ባርነትን በሕግ ሥር አቆየው፤ የተጠመቀ፣ ማዕተብ ያሰረ፣ ከጌታው ጋር የሚጾም ክርስቲያን ሲሸጥና ሲለወጥ ኖረ። በመጋቢት 1916 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጀምሮት፣ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ባርነት እስኪሻር ድረስ፣ የመንፈስ ወንድሞች በገበያ ዋጋ ነበራቸው። በደምቢያና በአካባቢው የነበሩ ቤተ እስራኤልም፣ በሰው አፍ ፈላሻ የተባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1860 በመጡ ሚሲዮናውያን ስብከት በተመለሱ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ጥምቀታቸው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን አዘዋል። ተጠመቁ፤ ሆኖም ብዙዎቹና የልጅ ልጆቻቸው በጎረቤቶቻቸው ዘንድ በአሮጌው ስም መጠራታቸው፣ ለጋብቻ አለመፈለጋቸው አልቀረም። በአንድ በኩል ከወገኖቻቸው የወጡ፣ በሌላ በኩል ከክርስቲያኖች ያልገቡ ሆነው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በደጅ ቆሙ። ይህ የእነርሱ ነውር ሳይሆን በጥምቀቱ ላይ የተፈጸመ የእኛ በደል ነው ብዬ በግልጥ እናገራለሁ።

በአንጻሩ የኢትዮጵያ ስም ከአገር ውጭ ለተናቁት ጥላ ሆነ። በኒውዮርክ ጥቁሮች በመለያየት መቀመጥን እምቢ ብለው እ.ኤ.አ. በ1808 አቢሲንያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንን ሲመሠርቱ፣ ከመሥራቾቹ መካከል ከእኛ አገር የመጡ ነጋዴዎች እንደነበሩ ይነገራል። በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ ማንጌና ሞኮኔ እ.ኤ.አ. በ1892 ከነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ሲሰይም፣ የዳዊትን የ67ኛውን መዝሙር ተስፋ ይዞ ነበር። በሩቅ ባሕር ማዶ ያሉ ወንድሞች በስማችን ራሳቸውን ቀና ሲያደርጉ፣ እኛ በቤታችን አንገት እናስደፋ ነበር።

በዘመናችን ነገሩ ከሙያ ወደ ቋንቋና ወደ ነገድ ተሻግሮ፣ ጥር 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ በቋንቋ ምክንያት የተነሣ ሹመትና መለያየት ሁላችንን አስለቅሶናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቅሬታ ያነሣውን ሁሉ ዘረኛ ብሎ ማባረር ይቀናናል፤ ሐዋርያት ግን እንዲህ አላደረጉም። በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ ግሪክ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻችን በየቀኑ ምግብ ተረሱብን ብለው ሲያንጐራጕሩ፣ ሐዋርያት አላሳፈሯቸውም፤ ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ዲያቆናትን አስመረጡ፣ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። በበዓለ ኀምሳም መንፈስ ቅዱስ የወረደው ሁሉን አንድ ቋንቋ ለማናገር ሳይሆን፣ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ እንዲሰማ ነበር። በሕፃንነቱ ተማርኮ የተሸጠው ኦሮሞው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ ስሙን ሐዋርያው ጳውሎስ ወንድም ካለው ባርያ ወስዶ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው፣ ይኸው ምሥጢር በልቡ ስለገባ ነው። ቋንቋውን ሳይጥል፣ ወንድሙንም ሳይንቅ ክርስቲያን መሆን እንደሚቻል ሕይወቱ ይመሰክራል።

አሁን ልመልሳችሁ ወደ ምንጣፉ። ሽማግሌዎቻችን በአንድ ነገር ላይ ፈጽሞ አይለያዩም፤ የክርስትና ልጅና የክርስትና እናት ልጅ አይጋቡም። ፍትሐ ነገሥትም የክርስትናን ዝምድና ጋብቻ ከሚከለክሉ ዝምድናዎች ጋር ይቆጥረዋል። ሕፃኑ በ40 ቀን፣ ሕፃኒቱ በ80 ቀን ከውኃው ሲወጡ፣ ያነሣቸው ሰው ደም ባይሰጣቸውም ዘመድ ይሆናቸዋል፤ ለዚያች ልጅ እኔ በዚህ ሕግ ወንድሟ ነበርሁ፣ ዕድሜያችን ቢፈቅድ እንኳ ሊያጋባን የሚደፍር ሽማግሌ በጋይንት አይገኝም ነበር። እንግዲህ ጥምቀት ጋብቻን ለመከልከል የሚበቃ ዝምድና ከሆነ፣ በእውነትም ነውና፣ አምስተኛ ቤት ላይ የተቀመጠችውን ሸክላ ሠሪ ወገን ለማድረግ እንዴት ያንሳል? የማይታየው ዝምድና ሲከለክል ታምኖ፣ ሲፈቅድ የማይታመንበት ሕግ ከወዴት መጣ? ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን ትውልድ ሲቆጥር ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትን፣ የኬጢያዊውን የኦርዮንን ሚስት እያነሣ ያስገባቸው፣ ቆጠራ ሰውን ለማስገባትም እንደሚውል ሊያሳየን እንደሆነ ከዚያች ልጅ ቆጠራ በኋላ ብዙ ቆይቼ ነው የገባኝ።

ያቺ ልጅ ሌላ አገር ሄዳ ተዳረች፤ ልጆችም ወለደች። ለጥምቀትና ለፋሲካ ድፎዋን ይዛ ከእናቴ ዘንድ መምጣቷን ግን አላቆመችም፤ እናቴም ከእኛ ከወለደችን ለይታት አታውቅም ነበር። እናቴ ባረፈች ጊዜ ልቅሶው ላይ ከእኅቶቼ መካከል፣ እንደ እነርሱ ፀጉሯን አራግፋ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ ነበር። ከእነዚያ ሽማግሌዎች መካከል አንዱ፣ አምስተኛውን ቤት ያነሡት፣ በጣም አርጅተው ነበርና በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገብተው፣ የእኛን የልጆቿን እጅ በየተራ ጨበጡ። እርስዋ ፊት ሲደርሱ ጥቂት ቆዩ፤ ዝቅም ብለው እጅዋን ያዙ። እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ፣ አሏት፤ እናትሽ ደግ ሰው ነበረች።